አንደኛ የገባው

ጅዳ፣ ጥቅምት 20 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ዘይኑዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረህመቱላሂ ወበረካቱህ። እርስዎ፣ እትዬ ሰአዳ፣ እንድሪስና ወንድሜ ጠይብ ለጤናችሁ እንዴት ከርማችኋል? እኔ ከናፍቆታችሁ በቀር የጎደለብኝ የለም፤ አልሐምዱሊላህ። ሙቀቱ ብቻ አልለቀቀንም። እዚህ ባሕሩ ዳር አየሩ ራሱ ያልበዋል፤ ያሰጣሁት ልብስ ከመድረቅ ይልቅ የሚርስበት ቀን አለ።

ጋሼ፣ ዛሬ የምጽፍልዎ ስለ ጠይብ ነው። የምሠራበት ቤት ጌታ ስለምነው ከርሜ በመጨረሻ «ወንድምሽን አምጪውና መጋዘኔ ውስጥ ይሥራ» ብሎኛል። ቪዛውን በጠይብ ስም ሊያወጣልኝ ቃል ሰጥቷል። አላህ ካለ በሚመጣው ክረምት ከሐጃጆቹ ጋር በአንድ አውሮፕላን ይመጣል ብዬ ተስፋ አድርጌያለሁ።

ከአገር ቤት የሚመጣ ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ጥሪው ነው። በየቀበሌው ወጣት እየታፈሰ ለብሔራዊ ውትድርና ይላካል ይሉናል። ጠይብ ደግሞ ዕድሜው ደርሷል። የት ነው የሚያድረው? መቼም ሱቅዎ በር ላይ ተቀምጦ ልብስ እየሰፋ እንዳይሆን! እናታችንም አባታችንም ካለፉ ወዲህ ያለእርስዎ ማንም የለንም። ስጋቴ ከእርስዎ አይደለም፣ ከዘመኑ ነው።

ስለ ወሎ የምንሰማውስ እውነት ነው? እዚህ በቴሌቪዥን አሳይተውን እህል መዋጥ አቅቶን ሰነበትን። የሞተ ዘመድ ካለ አይደብቁኝ።

እትዬ ሰአዳን ጉልበቷን ሳሙልኝ። ጠይብን ደግሞ ጆሮውን ቆንጥጠው «ጻፍላት» ይበሉልኝ።

ልጅዎ ጠሂራ ሰይድ

✻

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ ለወንድሜ ልጅ ለጠሂራ፣

የአላህ ሰላምና ጥበቃ ካለሽበት ይድረስሽ። ደብዳቤሽ በሰላም ደርሶን ሰአዳ ሁለት ጊዜ አስነብባ ሁለቱንም ጊዜ አልቅሳለች። እኛ ሁላችንም ደህና ነን፤ አላህ የተመሰገነ ይሁን።

የወሎውን ነገር አታንሺብኝ። አንዋር መስጊድ ዙሪያ ከጁምዓ ሰጋጁ ይልቅ ከወረባቦና ከቃሉ የመጣው ወገናችን በዝቷል። ሰአዳ በየጠዋቱ ንፍሮ ቀቅላ በባልዲ ታወጣለች። እኔም ከሱቄ አቡጀዲ እየቀደድኩ ለከፈን እሰጣለሁ። ሰው የሚችለውን ነው የሚያደርገው።

ስለ ጠይብ አትስጊ። የሚያድረው አማኑኤል ወይዘሮ የሻሽወርቅ ዘንድ ነው። እናታችሁ አንቺንም እሱንም ስትወልድ ያረሰቻት እሷ ናትና እንደ ልጇ ይዛዋለች። የስፌት መኪናውን እዚያው ጓዳ አስገብተንለታል፤ የተቆረጠ ጨርቅ እንልክለታለን፣ ሰፍቶ ይመልሳል። አንድ አመል ብቻ አምጥቷል። ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በሩፋኤል በኩል ሽቅብ እንጦጦ ድረስ ሮጦ ይመለሳል። እንድሪስም አንዳንዴ ይከተለዋል። የእኔው ልጅ ዳገቱ አጋማሽ ላይ ደረቱን ይዞ ሲቀር ያንቺው ወንድም አናቱ ላይ ሆኖ ያፏጭበታል አሉ። ያ ከፍታ አየሩ ስስ ነው፤ ያልለመደውን ሰው ያንቃል። ጠይብን ግን ጭራሽ ያፋፋዋል።

ይህ አመሉ የሚጠቅመው ይመስለኛል። የፊታችን የሠራተኞች ቀን የቀበሌያችን የበላይ የሆነው ከፍተኛ የአምስት ኪሎ ሜትር የጎዳና ሩጫ አዘጋጅቷል። ደህና ውጤት ያመጣ የከፍተኛው ስፖርተኛ ሆኖ ይመዘገባል፤ ስፖርተኛን ደግሞ ጥሪው አይነካውም ሲል የቀበሌያችን ሊቀመንበር በገዛ አፉ ነግሮኛል። ልጁ ከመደበቅ ይገላገላል።

ይህን ስጽፍ ጠይብ አጠገቤ ተቀምጧል። «ጋሼ፣ አንድ ነገር ይጨምሩልኝ» ይላል። «ምን ልጨምር?» ብለው «ዳገት ላይ ማንም አይደርስብኝም፤ ሜዳው ላይ ግን ጫማ ያለው ሁሉ ይቀድመኛል ይበሏት» አለ። አሁንም እየሳቀ ነው። ሸራ ጫማው አውራ ጣቱን አውጥቶበታል። ከቻልሽ የሩጫ ጫማ ላኪለት።

አጎትሽ ዘይኑዲን

✻

ጅዳ፣ የካቲት 11 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርዎ አጎቴ ለጋሽ ዘይኑዲን፣

የአክብሮት ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በእናንተ በኩል ብርዱ እንዴት አደረጋችሁ? እኔ ደህና ነኝ።

ጫማውን ይህን ደብዳቤ በሚያደርስልዎ ነጋዴ እጅ ልኬያለሁ። ነጭ ነው፣ ጎኑ ላይ ቀይ መስመር አለው። ሱቁ ውስጥ ቆሜ በእጄ ሳጎብጠው ሻጩ «ለባልሽ ነው?» አለኝ። «ለወንድሜ ነው፣ ሯጭ ነው» ስለው ደረቴ እንዴት እንደተነፋ ባዩኝ! ለእትዬ ሰአዳ ሻርፕ፣ ለእትዬ የሻሽወርቅም ሽቶ የሌለው ሳሙና አለበት፤ ሽቶ ያለው ያስነጥሳታል።

ጋሼ፣ ድፍረት ካልሆነብኝ አንድ ነገር ልበል። እግሩ ፈጣን የሆነን ልጅ የሚፈልገው ስፖርት ብቻ ነው ያለው ማነው? ወታደር ቤትም እግር ይፈልጋል። ቪዛው እስኪመጣ እዚያው አማኑኤል ተደብቆ ቢቆይ አይሻልም? የሊቀመንበሩ ቃል የታመነ ነው? እኔ ሰውየውን አላውቀውም። የማውቀው እርስዎን ነው። እርስዎ «ይሩጥ» ካሉ ይሩጥ፤ ልቤ ያርፋል።

ልጅ ሆኖ ወደ ቁርዓን ቤት ስንሄድ ከእኔ ኋላ ይነሳና ቀድሞኝ ይደርስ ነበር። «በየት አለፍከኝ?» ስለው «ስትተኚ» ይለኛል፤ እየሄድኩ! እንዲህ ያለ ቀላማጅ ነው። ሮጦ ሲጨርስ ምን እንዳለ ቃሉን ሳያስቀሩ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ጠሂራ

✻

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ግንቦት 9 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለጠሂራ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። ሥራ በዝቶብኝ መልሴ ዘገየ።

ጠይብ ሮጠ። አንደኛ ገባ። መርካቶ ሁሉ አይቶታል፣ መርካቶ ሁሉ አውርቶታል። ከዚያው ከሩጫው ቦታ በቀጥታ ከሌሎቹ ፈጣኖች ጋር ካምፕ ገብቷል። ከከተማ ወጣ ያለ ቦታ ነው፣ ጠያቂ አያስገቡም። ምግቡንም ልብሱንም መንግሥት ችሎታል። ደህና ነው።

እንግዲህ ጠይብ በዚህ ዓመት ወደ አንቺ ሊመጣ አይችልም። ያ ቪዛ ደግሞ ጊዜው ካለፈ ሰውየሽ ሐሳቡን ሊለውጥ ይችላል። እንደ ሽማግሌ ሳስበው ዕድሉ ከሚባክን በእንድሪስ ስም ቢዞር መልካም ነው። እንድሪስም ወንድምሽ ነው፤ ከአንድ ትሪ በልታችሁ ነው ያደጋችሁት። የመውጫውን ድጋፍ ቀበሌው ሊጽፍልኝ ቃል ገብቷል። የጠይብ ተራ ቀጥሎ ይደርሳል፣ ኢንሻአላህ።

ሰአዳ ትንሽ አሟታል። ሻርፑ ደርሷታል። መልሱን ቶሎ ላኪልኝ።

አጎትሽ ዘይኑዲን

✻

ጅዳ፣ ሰኔ 14 ቀን 1977 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ አጎቴ ለጋሽ ዘይኑዲን፣

ሰላምታዬ ከደስታዬ ጋር ይድረስዎ! «አንደኛ ገባ» የሚለውን ሳነብ እልል ብዬ የቤቱን ልጆች አስበረገግኳቸው። ከጎረቤት ያሉትን ያገር ልጆች ሰብስቤ ቴምርና ሻይ ጋበዝኩ። አንዷ የሐረር ልጅ «ሰውነቱ ምን ይመስላል?» ብትለኝ «እንደ ሸምበቆ ቀጭን ነው፣ ግን ሸምበቆ እንደ እሱ አያወራም» አልኳት። አሁን ሁሉም «የሯጩ እህት» እያሉ ይጠሩኛል።

ግን ጋሼ፣ ምነው እንዲህ አሳጠሩት? ዳገቱ ላይ እንዴት ሆነ? ጫማው አልጠበበውም? ሲጨርስ ምን አለ? እሱስ ምነው አንድ መስመር እንኳን አልጨመረም? ካምፕ ውስጥ ወረቀት አይሰጣቸውም? አድራሻውን ይላኩልኝና ራሴ እጽፍለታለሁ።

የቪዛውን ነገር እንዳሉኝ አድርጌያለሁ። ቀላል አልነበረም። ሰውየው ተቆጥቶ «ትናንት ወንድሜ አልሽ፣ ዛሬ የአጎቴ ልጅ አልሽ፣ ነገ ማንን ልትይኝ ነው?» አለኝ። እሱ እሺ እስኪል ሚስቱን በእንባ ለመንኳት። እውነቱን ልንገርዎ፣ የጠይብን ስም ሲሰርዝ ሳይ ከፋኝ። ለእንድሪስ ቀንቼ አይደለም። ብቻ የወንድሜን መኝታ አዘጋጅቼ ነበር፣ ስንት ጊዜ በሐሳቤ አንጥፌለታለሁ።

የእርስዎን ሥራ እንዳላበዛ የጠይብን ነገር ለእትዬ የሻሽወርቅ ጽፌ ልጠይቃት አስቤያለሁ።

ልጅዎ ጠሂራ

✻

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ሐምሌ 6 ቀን 1977 ዓ.ም.

ለልጄ ለጠሂራ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ውለታሽን አላህ ይክፈልሽ። እንድሪስ ከሐጃጆቹ ጋር ይመጣል። ደረቱ እንደምታውቂው ነው፣ ከብርድ ማሽን ፊት እንዳታስተኚው።

ለወይዘሮ የሻሽወርቅ አትጻፊ። ራሷን አሟታል። ሱቃችን ድረስ መጥታ የማይሆን ነገር ስትጮህ ሰው ሰብስባለች። ምን እንደምትናገር አታውቅም።

ጠይብ ደህና ነው። አድራሻ ገና አልሰጧቸውም።

አጎትሽ ዘይኑዲን

✻

ጅዳ፣ መስከረም 12 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአጎቴ ለዘይኑዲን፣

ይህን በፖስታ አልላክሁትም፤ በሚመለስ ሐጃጅ እጅ ነው የሚደርስዎ። ስለዚህ ማንም ሳያነብብን እንነጋገራለን።

እንድሪስ ደረሰ። ልቀበለው ስወጣ የጠይብን ወሬ ጠግቤ እንደምመለስ ነበር የማስበው። አቅፌው ገና ሳልለቀው «ጠይብ እንዴት ነው?» አልኩት። «ደህና ነው» አለ፣ ጫማውን እያየ። ምግብ ሳቀርብለት ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ይተዋል። ስለ ሩጫው ስጠይቀው ውኃ አምጪልኝ ይላል። ደክሞት ነው፣ ሙቀቱ ነው እያልኩ ሰነበትኩ። አንድ ጁምዓ ከሰላት በኋላ ማድ ቤት መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ሽንኩርት እየከተፍኩ «ለመሆኑ ካምፑ ውስጥ ከነማን ጋር ነው የሚሮጠው?» አልኩት።

«ጠሂራ፣ ጠይብ ወታደር ቤት ነው።»

«የስፖርተኞች ካምፕ አይደል እንዴ?»

«ምን ስፖርት! ታፍሶ ነው።»

የነገረኝን ሁሉ እርስዎ ያውቁታል። ግን እኔ እንዴት እንዳወቅሁት እንዲያውቁልኝ ልጽፈው።

ሩጫው በሚደረግበት ማለዳ እንድሪስ ቁምጣውን ሊለብስ ሲል «ዛሬ አትሮጥም፣ ሆዴን አመመኝ በል» አሉት። «ለምን?» ቢልዎ «አባትህ ነኝ፣ አትጠይቀኝ» አሉ። «ጠይብስ?» ሲልዎ ጀርባዎን ሰጥተው «ከዚህ ቤት አንድ ሰው ይፈለጋል» አሉት። እንድሪስ ደንቆሮ አይደለም፤ ገባው። እትዬ ሰአዳም በር ላይ ቆማ ሰምታለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ «አሟታል» የሚሉኝ ለካ ይህ ነው ሕመሟ።

ልጅዎ በጓሮ ወጥቶ አውቶቡስ ተራ ሲደርስ ሯጮቹ ተነስተዋል። አቋርጦ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ጠበቃቸው። ሲመጡ ከፊት የነበረው ከአሰብ የመጣ የወደብ ሠራተኛ ነበር አለኝ። ሜዳው ላይ እንደ መኪና ይሄድ የነበረው ሰውዬ ድልድዩን ተሻግሮ ሽቅብ ወደ ጊዮርጊስ ሲዞር አፉን እንደ ዓሣ ይከፍት ጀመር፤ ከባሕር ዳር የመጣ ሳንባ ያን ዳገት ከየት ይችላል? ጠይብ ያኔ ነው ወደ እሱ የተጠጋው። እየሳቀ ነበር። እንድሪስን አየውና «አንተ ሰነፍ! ምን ቆመህ ታያለህ? ና እንጂ!» አለው። እጁን ቢዘረጋ ይነካው ነበር። «አትሂድ» ብቻ ቢለው ይበቃ ነበር። እንድሪስ አፉን ከፈተና፣ የወጣው ቃል «በርታ!» የሚል ነው።

«በርታ አልኩት» እያለ ማድ ቤቴ ውስጥ ግድግዳውን በግንባሩ መታ።

ወዲያው ልቡ ተመልሶለት ተከተለው። ስሙን እየጠራ ዳገቱን ሮጠ። ግን ያን ደረት ይዞ እዚያ ከፍታ ላይ ጠይብን ማን ይደርስበታል? ትንፋሹ ተቆርጦ እየወደቀ እየተነሳ ሲደርስ የሚጨርሱት በግንብ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነበር። በበሩ ክፍተት አየ። ኦራል የጦር መኪኖች ጀርባቸውን ከፍተው ቆመዋል። ጠይብ እጁን ወደ ላይ ዘርግቶ ገባ። አብዮት ጠባቂዎቹ ግራና ቀኝ ብብቱን ሲይዙት በደስታ ሊሸከሙት የመጡ መስሎት ሳቀላቸው። በእርግጥም ተሸከሙት። አንደኛ የገባው አንደኛ ተጫነ።

ከኋላ የነበሩት ቀርፋፎች ጩኸቱን ሰምተው ከበሩ ላይ ተመለሱ። ቁጥራቸውን ከደረታቸው እየቀደዱ ቁልቁል ሮጡ። ዛሬ እነሱ ቤታቸው ናቸው። ወንድሜ ቀስ ብሎ ቢሮጥ ኖሮ ቤቱ ነበር። ዳገት ላይ ማንም የማይደርስበት መሆኑ ጎዳው፤ የላክሁለት ጫማም ሜዳውን ጨመረለት።

እትዬ የሻሽወርቅ ያን ቀን ጠዋት «ልጄ፣ እኔ ይህን ሩጫ አልወደድኩትም፣ ቅር» ብላው ነበር አሉ። «ጋሼ ዋስ ሆነውልኛል፣ እሳቸው ካሉ ምን እፈራለሁ?» አላት። ይህን ነው ሱቅዎ ድረስ መጥታ የጮኸችው። እርስዎ ግን አማኑኤል ሰፈር መኖሯን አስታከው አብዳለች አሉ።

ከዚያ በኋላ ወረቀት ይዘው ተቀመጡና «ካምፕ ገብቷል» ብለው ጻፉልኝ። እኔ እልል አልኩ። ቴምር በተንሁ። በወንድሜ ስም የወጣውን ቪዛ በገዛ አፌ አሰረዝኩ። አባቴ የሰጠዎትን አደራ መብላት አነሰዎና ለእኔም አጎረሱኝ፤ ሳላውቀው አብሬዎት በላሁ። ይህን ነው ይቅር የማልለው።

አንድ ነገር ብቻ እጠይቃለሁ፤ ወንድሜ የት ነው?

ጠሂራ

✻

አዲስ አበባ፣ መርካቶ፣ ጥር 23 ቀን 1978 ዓ.ም.

ይድረስ ለጠሂራ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደብዳቤሽን ካነበብኩ ብዙ ወር ሆነኝ። መልስ ጀምሬ ስንት ጊዜ ቀደድኩት።

መጀመሪያ የጻፍኩልሽን እኔም አምኜው ነው የጻፍኩት። ስፖርተኛ አይነካም የተባለውን ሰምቼ ለሁለቱም ልጆች ደስ ብሎኝ ነበር። ሩጫው ሊደርስ ሲል ሊቀመንበሩ ጠርቶኝ «አንተ ደንበኛዬ ነህ፣ ልጅህን ቤት አቆየው» አለኝ። «የወንድሜስ ልጅ?» አልኩት። «የሁለት ወጣት ቤት ነው፣ ኮታው አንድ ይላል፤ ሁለቱንም ካስቀረህ ሁለቱንም ከቤትህ መጥቼ እወስዳለሁ» አለኝ። አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊ ነበር? ልጅ አልወለድሽም። ስትወልጂ ታውቂዋለሽ።

እንድሪስ ደረቱ ደካማ ነው፤ አንድ ሌሊት ምሽግ ውስጥ ቢያድር ይሞትብኛል። ጠይብ ግን ዳገት የማይበግረው ልጅ ነው፣ ከገባበት ይወጣል ብዬ ነው። በጉብዝናው ተማምኜ ነው። ይህ ክፋት ነው? ወላጅ አልባ ሆናችሁ ስትቀሩ ማን አበላችሁ? ማን አለበሳችሁ? ያ ሁሉ በአንድ ቀን ተረሳ? «ለእኔም አጎረሱኝ» ትያለሽ። ጫማውን የላክሽው አንቺ ነሽ፣ «ይሩጥ ካሉ ይሩጥ» ብለሽ የጻፍሽውም አንቺው ነሽ።

ጠይብ ሠልጥኖ ወደ ሰሜን ተልኳል። ከዚያ ወዲያ የሰማሁት የለም። ሰው ጠይቄያለሁ፣ የሚነግረኝ አጣሁ።

አሁን አንድ ነገር ልለምንሽ። እንድሪስ ከሄደ ወዲህ አንድ ቃል አልጻፈልንም። ሰአዳ ፖስታ ቤት በሄድኩ ቁጥር በር ላይ ትጠብቀኛለች፤ ባዶ እጄን ስታይ ዞራ ትገባለች። በዚህ ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር የምትነጋገረው «ምሳ ቀርቧል» ስትል ብቻ ሆኗል። እኔን ተዪኝ። ለእናቱ ሁለት መስመር ይጻፍ። አንቺ ብትነግሪው ይሰማሻል።

ዘይኑዲን

✻

ጅዳ፣ ሰኔ 2 ቀን 1978 ዓ.ም.

ለአቶ ዘይኑዲን፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ለእንድሪስ አነበብኩለት። ሰምቶ ሲጨርስ «ለእናቴ ሰላም በያት» አለ፤ ወረቀትና እስክሪብቶ ብሰጠው አልነካውም።

ጫማውን የላክሁት እኔ ነኝ፤ ልክ ነዎት። ይህን እርስዎ ሳይነግሩኝም አውቀዋለሁ፣ ከእሱ ጋር ነው የምተኛውና የምነሳው። ልዩነታችን እኔ ጫማውን ስልክ የግቢው በር እንደሚዘጋ አላውቅም ነበር። እርስዎ ያውቁ ነበር። ሁለቱንም እወስዳለሁ ካለዎት ሁለቱንም በዚያው ሌሊት ከመርካቶ ማስወጣት ይችሉ ነበር። ወደ ድሬዳዋ በየቀኑ ጨርቅ የሚጭኑ መኪኖች ከሱቅዎ በር ላይ ይነሳሉ። እንድሪስን ለማዳን ያን ያህል መላ የመታ ራስ ለጠይብ አንድ ቃል አጣ። «በጉብዝናው ተማምኜ» አይበሉ። እሱ ነበር በእርስዎ የተማመነው።

አሳደግኳችሁ ላሉት፣ አልረሳሁም። ብረሳው ኖሮ ይህን ያህል ባልከፋኝ። ሌላ ሰው ቢያደርገው ረግሜው እተወው ነበር።

አሁን ስለ ልጆቹ ልንገርዎ፤ የምነግርዎ ለእትዬ ሰአዳ ስል ነው።

እንድሪስ መጋዘኑ ውስጥ ወራት ሠራ። ከሰው አይቀርብም፣ አይስቅም። በየጁምዓው ግን ወደብ ይወርድና ከፖርት ሱዳን የሚመጡትን መርከበኞች ይጠይቅ ነበር። ከሰሜን ጦር የጠፋ ልጅ ሁሉ ማለፊያው ሱዳን ነው ብለውታል። «ቀጭን ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው፣ ብዙ ያወራል» እያለ ለሁሉም ይነግራል። መርከበኞቹ «የሯጩ ወንድም መጣ» እያሉ ይስቁበት እንደነበር ሰምቻለሁ። አንድ ቀን ግን አንዱ አልሳቀም። ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ የተቀደደ ጆንያ የሚሰፋ አንድ ሐበሻ አለ አለው፤ ጎህ ሲቀድ ከነቤተሰቡ የተኛውን ወዛደር ሁሉ እየዘለለ ባሕሩን ዳር ዳር ይሮጣል፣ እብድ ነው ይሉታል አለው። ስሙን ሲጠይቀው «ጠይብ» አለ።

እንድሪስ ሮጦ ቤት ሲመጣ ደረቱ እንደ ወናፍ ይል ነበር። ተቀመጥ ብለው አልቀመጥ አለ። እኔ ምን ሆንኩ ይመስልዎታል? ወለሉ ላይ ለሱጁድ ነው የተደፋሁት።

በሳምንቱ እንድሪስ ልብሱን ጠቀለለ።

«ወዴት ነው?» አልኩት።

«ወደ እሱ።»

«ከወጣህ የመኖሪያ ፈቃድህ ይሰረዛል፣ ተመልሰህ አትገባም። ሰው ልከን እናስመጣው።»

«ቦታው የእኔ አልነበረም፣ ጠሂራ። ደግሞስ ማንን ነው የምልከው? ድልድዩ ላይ የቆምኩት እኔ ነኝ።»

«ሊያይህ ባይፈልግስ?»

«አይቶ ይባረኝ።»

ልከለክለው እችል ነበር። ፓስፖርቱ የቤቱ ጌታ ዘንድ ነበር። ሄጄ ለምኜ አወጣሁለት። ሰውየው በዚህ ምክንያት ከእንግዲህ ማንንም እንደማያመጣልኝ ነግሮኛል። በእቃ መጫኛ መርከብ ተሳፍሮ ሄደ።

አግኝቶታል። ሁለቱም በሕይወት አሉ። ጠይብ ምን እንደሆነና እንዴት እንዳመለጠ፣ እንድሪስን ሲያየው ምን እንዳደረገ፣ ምን እንደተባባሉ፣ አብረው ይኑሩ አይኑሩ፣ መርከበኛው ጓዳዬ ድረስ መጥቶ ከነእጅ እንቅስቃሴያቸው ነግሮኛል። ሁለት ጊዜ አስደገምኩት። ለእትዬ ሰአዳ የምትነግራት ሴት ልኬያለሁ፤ እርስዎ ሱቅ በሚሆኑበት ሰዓት ትመጣለች። ለእትዬ የሻሽወርቅም እንዲሁ። ሁለቱ ሴቶች አብረው ተቀምጠው ይስሙት ብያለሁ።

እርስዎ ሚስትዎን ከመጠየቅ ሌላ መንገድ የለዎትም። መንገሩን ለእሷ ትቼዋለሁ። ከእኔ ግን አይሰሙትም። እስካሁን ልጽፍልዎ የፈለግሁትን ሁሉ ጽፌያለሁ፤ ከእንግዲህ ደብዳቤ ቢልኩ ሳልከፍት እመልሰዋለሁ።

ጠሂራ ሰይድ